ያለ ጭስ ማር ሊቆርጥ የማለው ሰው

«እማ፣ ክኒኑን እየዋጥኩ ፈተናውን ባልፍ፣ ያለፈው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ክኒኑ?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጥያቄውን ስትሰማ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። ልጇ ውዳሴ ደብተሮቿን በደረቷ አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጥያቄው የቀልድ ይመስላል፤ የልጅቷ ፊት ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ውዳሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክኒን ትውጣለች። ከዚያ በፊት ትምህርት መሀል ድንገት ዓይኗ ይፈዝና ለጥቂት ጊዜ ከዚህ ዓለም ትሄድ ነበር፤ ስትመለስ መምህሩ ሌላ ገጽ ላይ ደርሷል። ሁለት ጊዜም ወድቃ ተንፈራግጣለች፤ አንዴ ክፍል ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ከቧንቧ ውኃ ስትቀዳ። እናቷ ጠበል ወሰደቻት። አጥማቂው ቄስም «ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂጂ ልጄ፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ነው» አሏት። ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክኒኑን አዘዘላት፤ ክኒኑም ተስማማት። መውደቁ ቀረ፣ መፍዘዙም ቀረ። በዚህ ሴሚስተር ከክፍሏ አንደኛ ወጣች።

«ማን ምን አለሽ?» አለች ወይዘሮ ይታይሽ።

«ኤፍራታ ናታ! ውጤት ሲነገር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹አንደኛ የወጣችውማ ክኒኗ ናት፤ ሽልማቱን ለክኒኗ ስጧት› አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ያዘች። «አይ ያቺ ልጅ! ክፉ አፍ አላት፤ ግን ያውቅበታል።»

«እማ! አትሳቂ!»

«አልሳቅሁም። እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሰብኩበት። እውነቷን ነው። እሷ ራሷ እንቅልፍ የሚያባርር ክኒን ከወንድሟ ጓደኛ ተቀብላ እየዋጠች ነው የምታጠናው። ታዲያ እኔና እሷ ምን ለየን? ሁለታችንም አእምሯችንን በመድኃኒት እየነካካን ነው። ስለዚህ ወስኛለሁ። ለፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ አልውጥም። ባልፍም በራሴ፣ ብወድቅም በራሴ።»

እናትየው በዓይነ ኅሊናዋ የታያት የቧንቧው ሥር ሲሚንቶ ነው። ግን አልጮኸችም። ይህችን ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ታውቃታለች፤ ከጮኹባት «እሺ» ትላለች፣ ክኒኑን ግን ምላሷ ሥር ይዛ ትወጣና ከአጥር ውጭ ትተፋዋለች። በሆዷ «እመቤቴ፣ አንድ ቃል አቀብዪኝ» አለች። ከዚያም አጠገቧ ያለውን ዱካ በእግሯ ሳብ አደረገች።

«ነይ ተቀመጪ። እነዚህን ቁልፎች እየለየሽልኝ ስሚኝ። አባቴ ንብ አናቢ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ከእሱ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።»

«ተረት ነው እንዴ? እማ፣ እኔ እኮ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ቁልፉን ለይ።»

ልጅቷ ተቀመጠች። እናትየውም ጀመረች።

አንድ ሰው ነበረ። ከአባቱ ሰባት ቀፎ ንብ ወረሰ። አባቱ በሸመገለበት ዘመን ንብ አይነድፈውም ነበር፤ ጺሙ ላይ እንደ ዝንብ ሲያርፍበት ልጁ እያየ ነው ያደገው። በዚያ አገር ደግሞ ንብ ጌታውን ያውቃል ይባላል። ከጎረቤቱ የተጣላ ወይም በሐሰት የማለ ሰው ወደ ቀፎ አይቀርብም፤ ቢቀርብ ንቡ ያጋልጠዋል ይላሉ። ስለዚህ እዚያ አገር ንብ የነደፈውን ሰው «አይዞህ» የሚለው የለም፤ «ምን ሠርቶ ይሆን?» ነው የሚሉት።

አባቱን በቀበረ በዓመቱ፣ ጽዋ ማኅበሩን የማብላት ተራ ለዚህ ሰው ደረሰው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ንቡ የመስከረምን አበባ ሁሉ ቀስሞ፣ ቀፎው በማር ከብዷል። ሰውዬው በማኅበርተኞቹ ፊት ቆመና «በአባቴ አጥንት እምላለሁ፣ ዛሬ ዓይናችሁ እያየ ማር እቆርጣለሁ፤ ያውም ያለ ጭስ!» አለ።

ማር የሚቆርጥ ሰው ሁሉ የኩበት ፍም በሸክላ ገል ይዞ፣ በቀፎው አፍ እፍ እፍ ይላል። ጭሱ ሲገባ ንቡ ይረጋል፤ ያን ጊዜ እጅ ይገባል። አባትየውም ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጁ ግን የሚያስታውሰው ጺሙን ነበር እንጂ ገሉን አልነበረም።

ሚስቱ እጀ ጠባቡን ያዘችው። «ኧረ አንተ ሰው፣ ፍሙም አለ፣ ገሉም አለ። ትንሽ ብታጨስ ምናለበት?»

«ጭስ ንቡ ለማያውቀው ሰው ነው» አላት። «የኔ ንብ ያውቀኛል። ደግሞስ በጭስ አፍዝዤ የቆረጥኩት ማር ምኑ የኔ ነው? ሌብነት ነው እንጂ!»

«እውነቱን ነው» አለች ውዳሴ፣ ቁልፍ እየለየች።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ» አለች እናቷ።

ሰውዬው የቀፎውን መክደኛ አነሣ።

ንቡ እንደ ክረምት ጎርፍ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወፍራም ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘለው ባዶ ጎተራ ውስጥ ገቡ፤ በኋላ እሳቸውን ለማውጣት አራት ሰው ፈጀ። ቄሱ የተቀመጡበትን ቁርበት ተከናንበው በአራት እግራቸው ወደ ጓዳ ገቡ። በቅሏቸው ገመዷን በጥሳ በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ማዶ ተገኘች። ባለቀፎው ራሱ ወንዝ ድረስ ሮጦ ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ንቡም ዳር ላይ ሆኖ ጠበቀው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ፊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ሁለት ስንጥቅ ሆኖ ወደ ቤቱ መጣ። ሚስቱ በሩን ከፈተች፣ ትክ ብላ አየችው፣ ነጠላዋን አስተካከለችና እጅ ነሣች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ባለቤቴ የለም» አለችው። «ከንቦቹ ጋር ሊተዋወቅ ወጥቷል። እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ ሲጨርስ ይመጣል።»

ጎረቤቱም በአጥሩ ላይ ብቅ አለና «እንዲያውም አውቆሃል! አንድ እንኳ ሳይቀር ሊስምህ ወጣ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ውዳሴ ሳቀች። ቁልፎቹ ከጭኗ ላይ ተንከባለሉና ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። እናቷም ሳቀች፤ ግን ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ከሁሉ የከፋው መነደፉ አልነበረም። ያ የተከፈተው ቀፎ ጉንዳን ገብቶበት ነበር። ንቡ ቀድሞውኑ የተቆጣው በጉንዳኑ ነው። ሰውዬው ጭሱን ስለናቀ እጁን ሊያስገባ አልቻለም፤ እጁን ካላስገባ ደግሞ ጉንዳኑን አያይም፣ አይጠርግለትም። በሳምንቱ ሄዶ ቢያየው ቀፎው ባዶ ነው። ንቡ አልቆ፣ ማሩ ተበልቶ፣ ጥቂት ክንፍ ብቻ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘ።

«ጭሱን ቢጠቀም ይተርፍ ነበር?» አለች ውዳሴ።

«ይተርፍ ነበር።»

ልጅቷ ከዚያ በኋላ «እውነቱን ነው» አላለችም።

ሰውዬው ስድስት ቀፎ ቀረው። ከመርዙ ይልቅ ሐፍረቱ ቆጠቆጠውና ወደ ጭሱ ዞረ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ነው ያጨሰው፤ እፍ እፍ ብሎ፣ ቆርጦ፣ መልሶ ይከድናል። እዚያ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ነገር ግን ጭሱ ሲገባ የሚመጣው ጸጥታ ጣመው። እንግዳ ሲመጣ ያጨሳል። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ያጨሳል፣ ቀትር ላይ ያጨሳል፣ ከብት ሲገባ ያጨሳል። ንቡ እንደ ሰካራም በቀፎው አፍ ላይ ይንገዳገዳል፤ እሱ ባዶ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባና «አያችሁ? እንደ በግ ናቸው! አሁንስ ያውቁኛል አያውቁኝም?» ይላል። ሰውም ይደነቃል። «መተት ሳይኖረው አይቀርም» እያሉ የሚያሙት ነበሩ፤ ወሬውን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር እንጂ አይከፋውም።

ሚስቱ ብቻ አንድ ቀን «ዘንድሮ አበባው ላይ የኛን ንብ አላየሁም» አለችው። እሱም «ሌላ አበባ አግኝተው ይሆናል» ብሎ አለፈው።

ጥቅምት ዞሮ መጣ። በዚያ አገር ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነበሩ። በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ በየቤቱ እየዞሩ ሰም ይለምናሉ። ወደዚህም ሰው ቤት መጡ። ሰውዬው ቀፎውን በኩራት ከፍቶ፣ ከነሰሙ አንድ የማር እንጀራ አውጥቶ ሰጣቸው። እማሆይ እንጀራውን በእጃቸው መዘን አደረጉት፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ቀለለባቸው። ከጫፉ ቆረስ አድርገው ቀመሱ። ከዚያም ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ማር ነው ወይስ ቋንጣ?»

«ምነው እማሆይ?»

«ጭስ ጭስ ይላላ! ደግሞስ እንዲህ ባዶውን? ንቦቹ ታመውብሃል?»

«ኧረ ደኅና ናቸው።»

«ተቆጥተዋል?»

«በጭራሽ። ድምፃቸውም አይሰማ።»

«ታዲያ ደኅና ከሆኑ፣ ካልተቆጡም፣ ምን ቢሆኑ ነው እንዲህ ያጨስካቸው?»

«ዝም እንዲሉልኝ ነው።»

«አዬ! ዝም የሚልልህ ከሆነ የፈለግኸው፣ ድንጋይ ደርድረህ ማስቀመጥ ነበር» አሉት። «ንብ የተፈጠረው ለሥራ ነው። ጠዋት ማታ ራሱን እያዞርከው መቼ ብሎ አበባ ይሂድ?»

ሰውዬው ቱግ አለ። «እንግዲህ ምን ላድርግ? ያለ ጭስ ብሄድ ተሳቀብኝ፣ ቀፎዬ ሞተ። በጭስ ብሄድ እርስዎ ቋንጣ አሉኝ። ጭስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? አንዱን ይንገሩኝና ልረፍ!»

እማሆይ መቋሚያቸውን ከአጥሩ ጋር አስደገፉ። ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ጆሯቸውን ከቀፎው ጎን ለጠፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። አንዲት ንብ ግንባራቸው ላይ አርፋ ስትሄድ እንኳ አልተነቃነቁም። በመጨረሻ ቀና አሉ።

«ይሄ ቀፎ ላንተ ምን ይልሃል?»

«እኔ እንጃ። ሰምቼው አላውቅም።»

«ሰባት ቀፎ የወረስክ ሰው፣ አንድ ቀን ጆሮህን አስጠግተህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ጭሱንስ ምን ትለዋለህ? ጭስ ምን ያውቃል? ቀፎውን ጠይቀው እንጂ!»

ገሉን ከእጁ ተቀብለው ፍሙን አፈር አለበሱት። «ሦስት ቀን አታጭስ፣ ሦስት ቀን አትክፈት። ዝም ብለህ ስማ» አሉትና ቀላሉን እንጀራቸውን ይዘው ሄዱ።

በመጀመሪያው ቀን ጆሮውን ቀፎ ላይ ለጥፎ ሲቀመጥ እንደ ሞኝ ተሰማው። ሚስቱ ውኃ ይዛ ስታልፍ «ምን አሉህ? ምሳ ይፈልጋሉ?» አለችው። የሰማው ሁሉ አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጉምጉምታው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ገባው። አንዱ ቀፎ እንደ ሩቅ የውኃ ወፍጮ ወፈር ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ አለው። ሌላው ቀጠን ይላል። ሌላው ሲንኳኳ እምም ብሎ ወዲያው ይረጋል። «ለካ ስድስት ቀፎ አይደለም ያለኝ» አላት ለሚስቱ፤ «ስድስት ጠባይ ነው ያለኝ።» እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ ሰማች።

በሦስተኛው ቀን ዳር ላይ ያለው ቀፎ ድምፁ ተለወጠ። ይነሣና ይሰበራል፤ እንደገና ይነሣና ይሰበራል። አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ ደግሞ ቀፎው በሙሉ ይርገፈገፋል። ሰውዬው ጆሮውን አጥብቆ ለጠፈ። ባለፈው ዓመት የሞተው ቀፎ ያን ቀን እንዲህ ሲል እንደነበር አሁን ትዝ አለው፤ ያኔ በጆሮው ጥልቅ ብሎ ነበር፣ ልብ ግን አላለውም።

«ጉንዳን!» አለ።

የእማሆይን ሦስት ቀን ረሳው። ወደ ምድጃው ሮጠ፣ ፍም በገል አፈሰ፣ ኩበት ጨመረበት። የሚያየው ሰው አልነበረም፤ ማንም አላጨበጨበለትም፣ ማንም አልሳቀበትም። ያንን ቀፎ ከሁሉም አብልጦ አጨሰው። ንቡ ሲረጋ እጁን አስገባ፤ ጉንዳኑን በቅጠል ጠረገ፣ የተበላውን እንጀራ አወጣ፣ ቀፎው የቆመበትን እግር ዙሪያውን አመድ ነሰነሰበት። ሁለት ንቦች ነደፉት፤ ልብ አላለውም። በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ቀፎ ንብ አንድ ሁለት እያለ ሲወጣና ወደ ተራራው አበባ ሲሄድ ባልና ሚስቱ ቆመው አዩ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሳይሰማ አላጨሰም። ጭሱን ለሚፈልገው ይሰጣል፤ ለማይፈልገው አይሰጥም፤ ለታመመው አብዝቶ ይሰጣል፣ ሲሻለው ይቀንስለታል። ዓመቱ ሲደርስ ማኅበርተኞቹ እንደገና ተሰበሰቡ፤ ሰብሳቢው ለጥንቃቄ ከጎተራው አጠገብ ተቀመጡ። ማሩ በገበታ ቀረበ፤ የሚንጠባጠብ፣ የአበባ ሽታ ያለው ማር።

ያ ጎረቤት አላስችል አለው። «ለመሆኑ ይሄ በጭስ ነው ወይስ ያለ ጭስ?»

«ይሄኛው በጭስ ነው» አለ ሰውዬው። «ያውም በብዙ ጭስ። ጉንዳን የገባበት ቀፎ ማር ነው።»

«እንግዲያው ማሩ የንቡ አይደለማ! የጭሱ ነው በለና!»

ሰውዬው ዱሮ ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። አሁን ግን ሳቀና «ወንድሜ፣ ጭስ አበባ ሲቀስም አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

ወይዘሮ ይታይሽ እዚህ ላይ አቆመች። የሰፋችውን እጅጌ ክር በጥርሷ በጠሰችና ወደ ልጇ ዞረች።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ቀፎ የአንቺ ራስ ነው። ጉንዳን ገብቶበት ነበር፤ አንቺ አልጠራሽውም፣ እኔም አልጠራሁትም። ክኒኑ ጭሱ ነው። ጉንዳኑን ያዘልሽ እንጂ አንዲት መስመር አላነበበልሽም። ያንን ሁሉ ደብተር ያነበብሽው፣ ሒሳቡ እምቢ ሲልሽ ያለቀስሽው፣ ተነሥተሽ እንደገና የሞከርሽው አንቺ ነሽ። ብታልፊ ያለፍሽው አንቺ ነሽ። ይህንን ለኤፍራታ ንገሪያት።»

«የእሷስ ክኒን? እሱም ጭስ ነው እኮ።»

«የእሷማ ደኅናውን ቀፎ ጠዋት ማታ እንደማጨስ ነው። እንቅልፏ ጉንዳን አይደለም፤ እንቅልፍ ለንቡ ማረፊያው ነው። ሆኖም አትፍረጂባት። ልጅቷን እንዲህ የሚያባርራት ምን እንደሆነ ጠጋ ብሎ የሰማት ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ውዳሴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዓይኗ ብልጭ አለ፤ እናቷ ያቺን ብልጭታ ታውቃታለች፤ ክርክር ሊመጣ ነው።

«እሺ፣ በስልክ ያየሁትስ? የራስ ቅል ከፍተው ሽቦ ያስገባሉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ ነበረ፤ ማብሪያውን ሲጫኑለት መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ፤ አንድ ስኒ ውኃ ሳያፈስ ጠጣ። ወደፊት ደግሞ ጤነኛው ሰው ሁሉ ብልህ ልሁን ብሎ ያስገባዋል ይላሉ። እሱስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«አየሽ፣ አንቺም እንደ ሰውዬው ‹አንዱን ንገሪኝና ልረፍ› አልሽኝ» አለች ወይዘሮ ይታይሽ እየሳቀች። «እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ሽቦውን አላውቀውም። ግን ክኒንም ይሁን ሽቦ፣ ገና ያልተሠራም ነገር ይሁን፣ ለእኔ ያው ገል ነው። ገል ይዞ ወደ ሰው ራስ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ‹ጆሮህን አስጠግተሃል ወይ?› እለዋለሁ። ጉንዳን አገኘህ ወይስ ዝምታው አማረህ? ያ የውኃውን ስኒ የጠጣው ሰውዬ፣ ሐኪሞቹን እግዜር ይስጣቸው፣ ንቡ ወደ አበባው ሄዶለታል። ማብሪያው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ ያ ሰው ‹ዝም ይበልልኝ› ብሎ የሚጫነው ከሆነ ግን እፈራለሁ።»

«ይሄስ ደኅና መልስ ነው» አለች ልጅቷ እንደ መምህር።

«ተመስገን፣ አለፍኩ» አለች እናቷ። «ደግሞ አንቺ ከንብ ትሻያለሽ። ንብ አፍ የለውም፤ ጆሮ ለጥፈው ነው የሚሰሙት። አንቺ ግን ትናገሪያለሽ። እስኪ ንገሪኝ፣ ክኒኑ ምን ያደርግሻል?»

ውዳሴ አንዱን ቁልፍ በጣቶቿ መሀል ታሽከረክር ጀመር።

«ጠዋት ጠዋት ይከብደኛል» አለች በመጨረሻ። «እስከ አራት ሰዓት ድረስ ራሴ ጭጋግ ይሞላዋል። የማውቀው ቃል ይጠፋብኛል፤ ምላሴ ላይ ይቆምና አይወጣም። ፈተናው ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚጀምረው። ኤፍራታ ያለችኝ አናደደኝ፤ ግን ልተወው ያሰብኩት... ለዚያም ጭምር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ዓመት ሙሉ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አልጠየቅሽኝማ፣ እማ። ‹ዋጥሽ ወይ?› ብቻ ነው የምትዪኝ። ‹አዎ› ስልሽ ‹ተመስገን› ትዪና ትሄጃለሽ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ጨርቁን ከጭኗ ላይ አንሥታ አጠፈችው፤ መልሳም ፈታችው። ልጇ አትወድቅም፣ ዓይኗ አይፈዝም፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እሷም ለዚያ ጸጥታ በየጠዋቱ ስታመሰግን ከርማለች። ከጸጥታው ሥር ልጅቷ ቃል ስትፈልግ እንደምትውል ግን አላወቀችም።

«ይቅር በዪኝ ልጄ» አለች። «ምሳሌውን ላንቺ የምነግር መስሎኝ ነበር።»

«አታልቅሺ ደግሞ!»

«አላለቀስኩም። ስሚኝ፤ ጥያቄሽን ጨርሼ ልመልስ። ጭሱ ስለከበደሽ ገሉን አትወርውሪው፤ ጉንዳኑ የት እንደሚጠብቅሽ አናውቅም። ከብዶሽ ሳለም ዝም ብለሽ አትቀመጪ። መጠኑን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ ክብደቱን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ፤ ሁለታችሁ ካልተነጋገራችሁ አንዳችሁም አታውቁትም። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። እስከዚያው ግን ትውጪዋለሽ። ተስማማን?»

«ሐኪሙ ካልሰማኝስ?»

«ቆቤን አድርጌ መቋሚያዬን ይዤ እገባበታለሁ!»

ውዳሴ ከት ብላ ሳቀች። «ተስማማን» አለች።

በማግስቱ ውዳሴ ማንም ሳይጠይቃት ክኒኗን ዋጠች። ወይዘሮ ይታይሽ ለዚያ ቀን የቀጠረቻቸውን የዩኒፎርም ደንበኞች በጎረቤት በኩል «ከሰዓት ኑ» ብላ ላከችባቸውና ከልጇ ጋር ወጣች። ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ደርሰው ተራ ያዙ። ሲጠሩ ገቡ። እናትየው እንደ ልማዷ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ከኋላዋ ቆመች።

ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «እሺ እናት፣ ልጅቷ እንዴት ናት?» አለ።

ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የምትመልሰው ወይዘሮ ይታይሽ ነበረች። «ተመስገን፣ ደኅና ናት» ትላለች፣ ሐኪሙ ይጽፋል፣ ይወጣሉ። ዛሬም ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን ገጠመችበት። ከወንበሩ ተነሣች፤ ልጇን በትከሻዋ ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻትና እሷ በሩ አጠገብ ወዳለው አግዳሚ ሄዳ ቁጭ አለች።